የተፈቀደው ለማን ነው? ስለ ማሪዋና ሕጋዊነት ለወላጆች የተደረገ ንግግር

(በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። በቦታው ያልነበሩ ሰዎች ስለጠየቁኝ፣ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከወላጆቻችሁ ጎን የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ሲጠሩኝ፣ «ፋርማሲስት ስለሆንሽ ስለ ማሪዋና ጉዳት ንገሪን» ብለውኝ ነበር። ስለ ጉዳቱ እናገራለሁ። ነገር ግን ስለ ጉዳቱ ብቻ ተናግሬ ከመድረኩ ብወርድ፣ በዚህ አዳራሽ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹን በቀጥታ የሚነካውን ጉዳይ ሳላነሣው እቀራለሁ ብዬ ስለሰጋሁ፣ ማሪዋና ለመዝናኛ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለውን ክርክር ከሥሩ ይዤ መጥቻለሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ሰውን ማሪዋና ይዘሃል ብሎ ማሰር ለምን ስሕተት እንደነበር፤ ሁለተኛ፣ ንግዱ ለምን እንደሚያስፈራኝ፤ ሦስተኛ፣ «ተፈቅዷል» የሚለው ቃል የአሜሪካ ዜግነት ያልያዘውን ወገናችንን ለምን እንደማይጨምር። ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የምንኖርበትን አካባቢ ሕግ እንይ። ሜሪላንድ በኖቬምበር 2022 ባካሄደችው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ድጋፉን ስለሰጠ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ አንድ አውንስ ተኩል፣ ማለትም 42 ግራም ተኩል ያህል ማሪዋና መያዝና ፈቃድ ካለው ሱቅ መግዛት ይችላል። ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ዲሲ ናት፤ ዲሲ በ2014 በሕዝብ ድምፅ ሁለት አውንስ መያዝን ፈቅዳለች፤ ሆኖም ከተማዋ ሽያጩን ለመፍቀድ ገንዘቧን እንዳታወጣ ኮንግረስ በበጀት ሕግ ስለከለከላት፣ ለመዝናኛ የሚሸጥ ሕጋዊ ሱቅ ልትከፍት አልቻለችም። ወንዙን ስትሻገሩ ቨርጂኒያ ናት፤ ከጁላይ 2021 ጀምሮ አንድ አውንስ መያዝ ተፈቅዷል፣ የሽያጩን ሕግ ግን ምክር ቤቱ በ2024ም በ2025ም ቢያጸድቀው የያኔው አገረ ገዥ ሁለቱንም ጊዜ ሽረውታል። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ዲሲን አቋርጦ አሌክሳንድሪያ የሚሠራ ሰው በአንድ የባቡር ጉዞ ሦስት ሕግ ያቋርጣል ማለት ነው። ከሦስቱም በላይ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ አለ። ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ ሮክ ክሪክ ፓርክ የሚዝናና ሰው ዲሲ ውስጥ ቢሆንም የተቀመጠው በፌዴራል መሬት ላይ ነው፤ ዲሲ የፈቀደችለት እዚያ አይሠራለትም። ይህን የፌዴራል ሕግ በልባችሁ ያዙት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልለፍ። ሰውን ማሪዋና ይዘሃል ብሎ ማሰር ስሕተት ነበር። ይህን ከአንዲት የጤና ባለሙያና እናት ለመስማት ያልጠበቃችሁ እንዳላችሁ ይገባኛል። ሆኖም ታሪኩን ተመልከቱ። በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት በአንደኛው ምድብ አስቀመጠው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በዚያው ሕግ መሠረት የተቋቋመውና በቀድሞው የፔንሲልቬንያ አገረ ገዥ በሬይመንድ ሼፈር የተመራው ኮሚሽን ጉዳዩን አጥንቶ፣ ለራሱ መጠቀሚያ የያዘ ሰው በወንጀል እንዳይቀጣ ሐሳብ አቀረበ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን አልተቀበሉትም፤ እስራቱም ቀጠለ።

ማን ታሰረ? የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት በ2013 ያወጣው ጥናት የ2010ን መረጃ መርምሮ፣ ጥቁሮችና ነጮች ማሪዋናን የሚጠቀሙት በተቀራራቢ መጠን ሆኖ ሳለ፣ በመያዝ ብቻ የሚታሰረው ጥቁር ከነጩ ወደ አራት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ዲሲ ውስጥ ስምንት እጥፍ ነበር። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ማታ መኪና የሚያስቆም ፖሊስ፣ «ይህ የሐበሻ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡ ጨዋ ነው» ብሎ ልጃችንን ይለይልናል? አይለይልንም። ኪሱ ውስጥ በተገኘ ትንሽ ነገር የተመዘገበበት ክስ ሥራ ሲፈልግ፣ ቤት ሲከራይ፣ ትምህርት ቤት ሲያመለክት እየተከተለው ስንት ልጅ መንገድ ላይ ቀርቷል። አገረ ገዥ ዌስ ሙር በጁን 2024 ከ175,000 በላይ ለሆኑ የማሪዋና ፍርዶች ምሕረት ሲሰጡ፣ ሜሪላንድ ያን ሁሉ ሰው መቅጣቷ አግባብ እንዳልነበረ መናገራቸው ነበር። እኔም እስማማለሁ። ይፈቀድ የሚሉት ሰዎች በዚህ ነጥብ ላይ እውነት አላቸው፤ እውነታቸውን ልንነፍጋቸው አይገባም።

ነገር ግን ማሰሩ ስሕተት ነበር ማለት መሸጡ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ደግሜ እላለሁ፦ ማሰሩ ስሕተት ነበር ማለት መሸጡ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በዚህ አገር ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ታስረው ቀረቡልን፤ እስራቱን የሚቃወም ሱቁን ይደግፍ፣ ሱቁን የሚቃወም እስራቱን ይደግፍ ተባለ። እኔ ይህን አልቀበለውም።

የማልቀበልበት ምክንያት ካደግሁበት ቦታ የመጣ ነው። ያደግሁት ሐረር ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የተጓዘ ሰው አወዳይ ላይ የጫቱን ገበያ ሳያይ አያልፍም። ከየቀበሌው የሚመጣው ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ፣ እንዳይጠወልግ ውሃ ተርከፍክፎበት ይቆለላል፤ ጫት ካደረ ዋጋው ስለሚወድቅ ሻጩም ገዢውም ይጣደፋል፤ አይሱዙዎቹ የጫኑትን ይዘው ይበርራሉ። አያቴ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ቡና ነበራቸው። በልጅነቴ ጥላው ሥር የተጫወትኩበት የቡና ማሳ፣ ለትምህርት አዲስ አበባ ቆይቼ ስመለስ ጫት ሆኖ ጠበቀኝ። ማንም አላስገደዳቸውም። ቡና የሚሸጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ጫት ግን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቀጠፋል፣ ገበያውም በየቀኑ ነው። በሐረርጌ ያልተነቀለ ቡና ያለው ገበሬ ብርቅ እየሆነ የመጣው ገበሬው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ልጆቹን ማብላት ስላለበት ነው። ነጋዴው ያተርፋል፣ መንግሥት ግብርና የውጭ ምንዛሪ ያገኛል፣ ገበሬው ኑሮውን ይመራል። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ቃሚው እንዲቀንስ የሚፈልግ ማን ነው? ከቃሚው ሚስትና ልጆች በቀር ማንም የለም። እኔ ያን ቤት ከውስጥ አውቀዋለሁ። የወሩ ደመወዝ በርጫ ላይ አልቆ እናት ከጎረቤት ጤፍ ስትበደር አይቻለሁ።

በአሜሪካ የተከፈተውን የማሪዋና ሱቅ የማየው በዚህ ዓይን ነው። ኮሎራዶ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ፈቅዳ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ሽያጩን ስትጀምር፣ መንግሥቷ ያስጠናው የገበያ ጥናት አንድ ነገር ነገረን፦ በየቀኑ ወይም ለዚያ በተቃረበ ሁኔታ የሚጠቀሙት ሰዎች ከተጠቃሚው አንድ አምስተኛ ያህል ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው ፍጆታ ሁለት ሦስተኛውን የሚወስዱት እነሱ ናቸው። ይህ ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በወር አንዴ ለመዝናናት የሚገዛው ሰው አያኖረውም፤ የሚያኖረው ማቆም ያቃተው ሰው ነው። በ2024 የታተመ ሰፊ የመረጃ ትንተና ደግሞ፣ በ2022 በአሜሪካ ማሪዋናን በየቀኑ ወይም ለዚያ በተቃረበ ሁኔታ የሚጠቀሙት 17.7 ሚሊዮን ሲደርሱ፣ አልኮልን በዚያው መጠን ከሚጠጡት 14.7 ሚሊዮን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ መብለጣቸውን አሳይቷል።

የሚሸጠውም ነገር የድሮው አይደለም። አእምሮን የሚለውጠው ቲ.ኤች.ሲ. የተባለው ንጥረ ነገር በ1995 ፖሊስ ከያዘው ማሪዋና ውስጥ አራት በመቶ ያህል ነበር፤ ዛሬ በሱቅ ከሚሸጠው ቅጠል ውስጥ 20 በመቶ ማግኘት የተለመደ ሲሆን፣ ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ (ቬፕ) የሚዘጋጀው ጭማቂ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው። በአውሮፓና በብራዚል ከተሞች ተካሂዶ በ2019 የወጣ ጥናት፣ ከአሥር በመቶ በላይ ቲ.ኤች.ሲ. ያለውን በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ፈጽሞ ካልተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸሩ ከገሃዱ ዓለም የሚያለያየው የአእምሮ ሕመም የገጠማቸው ወደ አምስት እጥፍ በተጠጋ ዕድል መሆኑን አግኝቷል። እናቶች፣ ልጃችሁ ብቻውን ማውራት፣ ሰው ይከታተለኛል ማለት፣ ሌሊት አለመተኛት ሲጀምር ወደ ጸበል መውሰዳችሁን አልነቅፍም፤ እኔም አምናለሁ። ግን ጸበሉም ሐኪሙም ይሁን፤ ለሐኪሙም ምን እንደሚያጨስ ሳትደብቁ ንገሩት። ሐፍረት መድኃኒት ያዘገያል፤ በዚህ ሕመም ደግሞ የዘገየ ሕክምና ዋጋው ከባድ ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ ሕጉ ሲወጣ የተፈራው ሁሉ አልደረሰም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተጠቃሚነት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲለካ፣ ይጨምራል እንደተባለው አልጨመረም። ይህን የማልናገር ብሆን ወጣቶቹ ስልካቸውን ከፍተው ያገኙታል፤ ከዚያ በኋላ የምነግራቸውን ሁሉ አያምኑኝም። የጨመረው ሌላ ነገር ነው። ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ማሪዋና ያለበት ከረሜላ ወይም ኬክ በልተው ለአገሪቱ የመርዝ መቆጣጠሪያ ማእከሎች የደረሰው ሪፖርት በ2017 207 ነበር፤ በ2021 3,054 ሆነ። ከረሜላው ሕፃን የሚወደውን ቀለምና ቅርጽ ይይዛል። በአፍ የተወሰደው ደግሞ የሚሠራው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ስለሆነ፣ ልጁ ሲያንቀላፋ እናት ደክሞት ነው ብላ ታስባለች። ከፍሪጃችሁ ላይ ይህን ቁጥር ለጥፉ፦ 1-800-222-1222። ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ክፍያ የለውም፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ።

አዋቂዎችም ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። መድኃኒት ከምሰጥበት መስኮት አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ በእጃቸው ትንሽ የጠብታ ብልቃጥ ይዘዋል። «ልጄ፣ ይሄን ልጄ ለጉልበቴ ገዝታልኝ ነው፣ ከዚህኛው ጋር ይስማማል?» ብለው ብልቃጡን ከደም ማቅጠኛ ክኒናቸው ጎን አስቀመጡት። ክኒናቸው ዋርፋሪን ነበር፤ ብልቃጡ ሲ.ቢ.ዲ.። ሲ.ቢ.ዲ. ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚዘጋው፣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እየበዛ ሰውን ለመድማት ያጋልጣል። እኚህ እናት በሕይወታቸው ሲጋራ እንኳ ይዘው አያውቁም፤ ከማሪዋና ተክል የወጣ ነገር እንደሚወስዱም አልተነገራቸውም። እባካችሁ፣ ለወላጆቻችሁ የምትገዙትን ነገር መጀመሪያ ለፋርማሲስት አሳዩ።

ታዲያ ማሰርም መሸጥም ካልተባለ ምን ይሁን? ሌላ መንገድ አለ፤ በተግባርም ታይቷል። ካናዳ በኦክቶበር 2018 ስትፈቅድ የኬቤክ ክፍለ ግዛት ሽያጩን ለግል ነጋዴ አልሰጠችም፤ የሚሸጠው የመንግሥቱ ድርጅት ብቻ ነው፤ የዕድሜውን ወለል ወደ 21 ከፍ አድርጋለች፤ ሕፃናትን የሚስብ ከረሜላ አይሸጥም። ጀርመን ደግሞ በኤፕሪል 2024 መያዝንና በቤት መትከልን ስትፈቅድ ሱቅ አልከፈተችም። ሜሪላንድ ይህን መምረጥ ትችል ነበር። የንግዱን መንገድ መረጠች፤ በጁላይ 2025 ደግሞ የሽያጭ ግብሩን ከ9 ወደ 12 በመቶ ከፍ አደረገች። ግብሩን ባልጠላውም፣ በጀቱ በዚህ ገቢ ላይ እየቆመ ሲሄድ ሽያጩ እንዲቀንስ የሚሠራ ባለሥልጣን እንደማናገኝ አወዳይ አስተምሮኛል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ደረስኩ። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ጥገኝነት የጠየቃችሁ፣ በጊዜያዊ ከለላ (ቲ.ፒ.ኤስ.) ወይም በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ሁሉ በጥሞና ስሙኝ። ሜሪላንድ የፈቀደችላችሁን የኢሚግሬሽን ሕግ አልፈቀደላችሁም። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ነው። ሱቁ ፈቃድ ይኑረው፣ ደረሰኝ ይስጣችሁ፣ ግብር ክፈሉበት፤ ለኢሚግሬሽን መኮንኑ ለውጥ የለውም።

ለዜግነት ስታመለክቱ መልካም ጠባይ እንዳላችሁ ማሳየት ይጠበቅባችኋል፤ የሚመረመረውም በአብዛኛው ከማመልከቻው በፊት ያሉት አምስት ዓመታት ናቸው። የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎቱ ኤፕሪል 19 ቀን 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በክፍለ ግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ ማሪዋናን መጠቀም፣ በማሪዋና ንግድ ውስጥ መሥራትም ጭምር፣ ለዜግነት እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ያን ሰሞን ዴንቨር ውስጥ በሕጋዊ የማሪዋና ድርጅት የሠሩ ስደተኞች ዜግነት ተከልክለው፣ ከንቲባው ማይክል ሃንኮክ ለፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ለዊልያም ባር ደብዳቤ እስከመጻፍ ደርሰዋል። ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ በሰዓት መሥራትም ያስጠይቃል። ወጣቶች፣ ለክረምት ሥራ ስትፈልጉ ይህን አትርሱ።

የጉዞውን ነገርማ ብዙዎቻችን አናውቀውም። ሕጉ አገር ውስጥ ላለ የግሪን ካርድ ባለቤት አንድ ጠባብ ቀዳዳ ትቶለታል፦ ለራሱ መጠቀሚያ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀጣ ሰው በዚያ ብቻ አይባረርም። ልብ በሉ፣ ሜሪላንድ የፈቀደችው 42 ግራም ተኩል ነው፤ ቀዳዳው ግን 30 ላይ ይዘጋል። ያው ሰው ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄዶ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲመለስ ደግሞ ይህ ቀዳዳ ራሱ አይጠብቀውም፤ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ ሊጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤት ቀርቦ ባይቀጣ እንኳ፣ ሕጉ የሚጠይቃቸውን ነገሮች አሟልቶ በገዛ አፉ ካመነ በቂ ሊሆን ይችላል። የአገረ ገዥው ምሕረትም ቢሆን በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት የሚመጣውን የመባረር አንቀጽ አይሽረውም። የጃማይካው ተወላጅ አድሪያን ሞንክሪፍ በሦስት ዓመቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ ሰው ነበር፤ መኪናው ውስጥ በተገኘ 1.3 ግራም ማሪዋና ምክንያት መንግሥት እንደ ከባድ ወንጀለኛ ቆጥሮ እንዲባረር ወሰነበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በሰባት ለሁለት ድምፅ ያ ከባድ ወንጀል አይደለም እስኪል ድረስ ዓመታት አልፈዋል። 1.3 ግራም!

ስለ ትራክ ሾፌሮች ሳልናገር አልወርድም፤ በየቤታችን አንድ አለና። አንድ የማውቀው ልጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ (ሲዲኤል) አውጥቶ ከባልደረባው ጋር ሌሊትና ቀን እየተፈራረቀ ይነዳ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ቢለው ጓደኛው ከረሜላ ሰጠው፤ ቤቱ ተኝቶ በዕረፍቱ ቀን ነው የበላው። ከቀናት በኋላ ለድንገተኛ ምርመራ ተጠራ፤ ሽንቱ ላይ ተገኘ። ቲ.ኤች.ሲ. ስካሩ ካለፈ በኋላም ለቀናት፣ ለሚያዘወትር ሰው ለሳምንታት ይቆያል፤ የፌዴራሉ ምርመራ ደግሞ ሰክረህ ነድተሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ አለ ወይስ የለም ብቻ ነው። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ውጤቱ በአንድ የፌዴራል መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር ቀጣሪ መቀየር አያድንም፤ ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ ክፍለ ግዛቶች ሲዲኤሉን ራሱን ዝቅ እንዲያደርጉ ታዘዋል። ያ ልጅ የትራኩን ዕዳ እየከፈለ፣ ለእናቱ በየወሩ እየላከ የነበረ ልጅ ነው። በሲ.ቢ.ዲ. ነው የተገኘብኝ ማለትም ምክንያት ሆኖ አይቀበሉትም።

አባቶች፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ልጆቹን በማሪዋና እየገሠጽን ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ጫት ቤታችን ካለ፣ እሱም በዚሁ ሕግ ሥር ነው፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በፌዴራሉ አንደኛ ምድብ ውስጥ ነው። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹ በፊቴ ጠይቀውኛል።

ማሪዋና ወደ ሦስተኛው ምድብ ይውረድ የሚለው ሐሳብ በ2024 በፍትሕ ሚኒስቴሩ ከቀረበ ወዲህ «አለቀ፣ ተፈቀደ» የሚል ወሬ ሰምታችኋል። ምድቡ ቢወርድ እንኳ ሕጉ የሚቆጣጠረው ዕፅ መሆኑ አይቀርም፤ ለኢሚግሬሽን የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ለስደተኛው ነገሩን ሊቀይርለት የሚችለው ኮንግረስ ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ በዲሴምበር 2020 እና በኤፕሪል 2022 ማሪዋናን ከዝርዝሩ የሚያወጣና በማሪዋና ምክንያት ስደተኛ እንዳይጎዳ የሚከለክል ረቂቅ አጽድቆ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሴኔቱ ላይ ቀረ። ዜግነት ያላችሁ፣ ድምፅ ያላችሁ ወገኖች፣ ሱቁን ልትቃወሙ ትችላላችሁ፤ እኔም እቃወማለሁ። ግን ለሴናተሮቻችሁ ስትጽፉ፣ ጎረቤቱ በሕግ የተፈቀደለትን ነገር ስላደረገ ከልጆቹ የሚለይ አባት እንዳይኖር ጠይቁልን። የደብዳቤው ናሙና በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ዜግነት የሌላችሁ ደግሞ፣ እስክታገኙ ድረስ አትንኩት፤ ከዚህ በፊት የነካችሁ ካላችሁ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ፣ ወደ ውጭ ከመጓዛችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። በቅጹ ላይ አትዋሹ፤ ውሸቱ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ የሕግ ምክር ልሰጣችሁ አልችልም። ከጎኔ የተቀመጡት ጠበቃ ግን ስብሰባው እስኪያበቃ አብረውን ይቆያሉ፤ በሰው ፊት መጠየቅ የማትፈልጉ በኋላ ለብቻችሁ ማነጋገር ትችላላችሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ መድረኩን ለእሳቸው እለቃለሁ።